ካቻቢቴው ይቆይ፦ የአሮጌ ሴሊካ ሚኒሞ በጅማ ከፍታ

አሮጌ መኪና ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ብዙ እጅ በቀጥታ የሚሄደው ነዳጅና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር ነው። ካቻቢቴ ይወጣል፣ የሚኒሞዋ ቡሎን፣ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበትን ፍጥነት የምትወስነው፣ ግማሽ ዙር ትጠብቃለች፣ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ መንቀጥቀጡን ይተዋል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል፤ ቁልፉ ተዘግቶም ሁለት ሦስቴ ያጓራል። ሚኒሞን ከፍ ማድረግ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ ያነከሰው ሲሊንደር እዚያው ነው። ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ሲዞር ጉድለቱ አይሰማም፤ አልተሞላም ግን። ስለዚህ እዚህ የምከተለው ቅደም ተከተል ካርቡራተሩን የመጨረሻ ያደርገዋል፤ ከሱ በፊት እሳቱ፣ አየሩና ቫልቩ አሉ።

መኪናው የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ ሴሊካ ይሁን። እ.ኤ.አ. ከ1970 መጨረሻ እስከ 1977 የተመረተው፣ 1,588 ሲሲ 2ቲ ሞተር ያለው። ያው ሞተር በዘመኑ ኮሮላና ካሪና ላይም ስለተገጠመ አሮጌ ቶዮታ ለለመደ መካኒክ እንግዳ አይሆንበትም። ባለሁለት ካምሻፍቱ 2ቲጂ ግን ሌላ ነው፤ ከታች ያሉት የቫልቭ ቁጥሮች ለሱ አይሠሩም።

መጀመሪያ ስለ ከተማው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 81 በመቶ ይወርዳል፤ በሜርኩሪ ሲለካ 30 ኢንች የነበረው 24 ኢንች ገደማ ይሆናል። ይህን ያልያዘ ሰው የጥገና መጽሐፉን አንብቦ ጤነኛ ሞተር ሊያፈርስ ይችላል። መጽሐፉ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ቫኪዩም (አየር ሲስብ የሚፈጥረው ባዶነት) ያሳያል ሲል የሚናገረው ለባሕር ወለል ነው። ጅማ ላይ ከ12 እስከ 15 ኢንች ያሳየ ሞተር ምንም አልጎደለውም። የመጭመቅ ልኬትም እንደዚያው ነው፤ መጽሐፉ 12 ባር ካለ እዚህ ወደ 10 ባር ገደማ መጠበቅ ተገቢ ነው። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ተብሎ ሞተር ከመውረዱ በፊት ይህችን ሒሳብ መሥራት ብዙ ብር ታድናለች።

ካርቡራተሩም ይነካል። አየሩ ሲሳሳ የሚሳበው ነዳጅ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ በዚህ ከፍታ ድብልቁ በባሕር ወለል ከነበረው ወደ 9 በመቶ ገደማ ይወፍራል፣ ማለትም ነዳጅ ይበዛበታል። ለባሕር ወለል የተዘጋጀ ጂግለር (ነዳጅ የምትመጥን ቀዳዳ) ያለው መኪና ጅማ ላይ ካንዴላውን ቢያጠቁር አያስገርምም። ተቃራኒውም አለ፦ አዲስ አበባ ላይ፣ 2,300 ሜትር አልፎ፣ ጫፍ ድረስ ተቀጥኖ የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ጅማ ሲመጣ ትንሽ ይቀጥናል። ልዩነቱ ሁለት ሦስት በመቶ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን መንገድ ላይ የማትሰማ ነገር ሚኒሞ ላይ ትሰማለች፤ እዚያ ነዳጁም አየሩም በጥቂቱ ስለሚገባ ትንሿ ስሕተት ትልቅ ድርሻ ይኖራታል።

ወደ ሥራው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ቾኩ (ለቀዝቃዛ ሞተር አየር የሚያሳንሰው መዝጊያ) ሙሉ በሙሉ መከፈቱ በዓይን ይታይ። ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ግን ግማሽ የተዘጋ ቾክ ስንቱን ሰው ካርቡራተር አስፈትቷል።

ነዳጁን በቅድሚያ ማግለል ያስፈልጋል። ከማደያ ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ታንከር ውስጥ ይገባል፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ከካርቡራተሩ መግቢያ ቱቦ ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ቀድቶ ግማሽ ሰዓት ማስቀመጥ ነው። ውሃ ካለው ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል። ከዚያ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ፦ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ግን ቅባታም ክብ ይተዋል። በክረምት ታንከሩን ግማሽ አድርጎ ማሳደርም ውሃ ያጠራቅማል፤ ባዶው ክፍል ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ሌሊት ወደ ውሃነት ይለወጣል። ፊልትሮው ዝገት ከያዘ ታንከሩ ራሱ ይታጠብ፤ ፊልትሮ ብቻ መቀየር ዝገቱን ቀጠሮ መስጠት ነው።

ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት፦ የሚያነክሰው አንድ ሲሊንደር ነው ወይስ አራቱም? ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ እጀታው ጎማ በለበሰ ፒንሳ የካንዴላ ገመዶችን አንድ በአንድ ነቅሎ መመለስ ነው። የተነቀለውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር ማስነካት ይገባል፤ እሳቱ መሄጃ ካጣ ቦቢናውን (እሳቱን የሚያመነጨውን) ወይም እሳቱን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተር ክዳን ይበሳል። ደህና ሲሊንደር ሲነቀል ሞተሩ ወዲያው ይወርዳል። የተነቀለ የማይመስለው፣ ማለትም ምንም ለውጥ ያላሳየው፣ እሱ ነው የማይሠራው። አንድ ሲሊንደር ከሆነ ጥርጣሬው በዚያ ሲሊንደር ካንዴላ፣ ገመድ፣ ቫልቭ፣ ወይም በዚያ በኩል ባለው የማኒፎልድ (የአየር ማስገቢያ ቱቦ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያ፣ ላይ ይሆናል። አራቱም እኩል ደካማ ከሆኑ ፑንቲና (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው)፣ ታይሚንግ (እሳቱ የሚነሳበት ጊዜ)፣ የጋራ አየር ወይም ካርቡራተር ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ብቻ ከደከሙ፣ ለምሳሌ 2 እና 3፣ በመካከላቸው የተበላ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን መገመት ይቻላል። ሌላ ነገር ከመንካት በፊት ግን ገመዶቹ በትክክል መግባታቸው ይታይ፤ የእሳቱ ተራ 1-3-4-2 ነው፣ ካንዴላ ሲቀየር ሁለት ገመድ ማቀያየር ደግሞ በጣም የተለመደ ነው።

ካንዴላዎቹ አራቱም ወጥተው በተራቸው ጠረጴዛ ላይ ይደርደሩ። ቀለል ያለ ቡኒ ግራጫ ከሆኑ ጥሩ። ደረቅ ጥላሸት ወፍራም ድብልቅ ወይም ደካማ እሳት ነው። ዘይት የቀባው የቫልቭ ጎማ ወይም ፋሻ። ነጭ የሆነ አንዱ ብቻ ከሆነ እዚያ ጎን አየር ይገባል። ሌሎቹ ጠቁረው አንዱ እንደታጠበ ንጹሕ ከሆነ ውሃ እየገባበት ነውና የራዲያተሩ ውሃ ይቀንስ እንደሆነ ይታይ። ክፍተታቸው 0.8 ሚሊሜትር ነው።

ፑንቲናው 0.45 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ በድዌል (ፑንቲናው ተዘግቶ የሚቆይበት ማዕዘን) መለኪያ 52 ዲግሪ። እንዲህ ባለ ዕድሜ መኪና ላይ ከክፍተቱ ይልቅ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ያሳስበኛል። ቡሽው ሲበላ ዘንጉ ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ ክፍተቱም ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ይለያያል፤ በስስ ብረት ቆሞ ሲለካ ደህና መስሎ ሲዞር ይበላሻል። የዘንጉ ራስ ላይ ያለውን ሮተር ይዞ ወደ ጎን መነቅነቅ የመጀመሪያው ፈተና ነው። ሁለተኛው ድዌሉን በሚኒሞና በደቂቃ በ2,000 ዙር ማነጻጸር ነው፤ ከሦስት ዲግሪ በላይ ከሸሸ ፑንቲና መቀየር ገንዘብ ማባከን ይሆናል፣ ቡሽው ይቀየር። የፑንቲናው ጫፍ በአንድ ወገን ጉብታ በሌላው ጉድጓድ ካወጣ ደግሞ ኮንደንሰሩን መጠርጠር ነው።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ጠዋት ብቻ የሚያነክስና ፀሐይ ከወጣ በኋላ የሚተው ሞተር እዚህ ብርቅ አይደለም። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ነው። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካለ እሳቱ በዚያ እየሸሸ ነው፤ መስመሩን በአሸዋ ወረቀት ማሸት አይፈውሰውም፣ ክዳኑ ይቀየር። ሲመሽ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በመርጫ ጠርሙስ ውሃ እንደ ጉም ብናኝ አድርጎ ገመዶቹና ክዳኑ ላይ መንፋት ነው። እሳት የሚያፈስ ገመድ በሰማያዊ ብልጭታ ራሱን ያሳያል። እጅ ራቅ ይበል። በቴስተር ሲለካ የእያንዳንዱ ገመድ ተቃውሞ ከ25 ኪሎ ኦም መብለጥ የለበትም።

ታይሚንጉ የሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ይስተካከል፤ እንደ ዓመተ ምርቱ ይለያያል። በዚህ ከፍታ ከተጻፈው ሁለት ዲግሪ ቢቀድም ሚኒሞው ይለሰልሳል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀው አየር ስስ ስለሆነ ማንኳኳቱ ይዘገያል። ከሁለት ዲግሪ በላይ ግን አልመክርም። በቫኪዩም የሚሠራው ማስቀደሚያ ቱቦ ተነቅሎ በአፍ ሲሳብ ምላሱ ይዞ መቆየት አለበት፤ አየር ካለፈ ሽፋኑ ተቀዷል። የተቀደደው ሽፋን ታይሚንግ ብቻ አይደለም የሚያበላሸው፤ ቱቦው ከማኒፎልዱ በሚወጣባቸው መኪኖች ላይ ራሱ የአየር ቀዳዳ ይሆናል።

አየር የሚስብ ማኒፎልድ የአሮጌ መኪና ዋና በሽታ ነው። ላስቲኩ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል፤ በሙቀት ተጠብሶ ጠንክሯል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሚኒሞ ላይ ይንገዳገዳል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይስተካከላል። አንዲት ቀዳዳ የምታስገባው አየር ያው ነው፤ ሞተሩ ብዙ ሲስብ ድርሻዋ ስለሚያንስ ትጠፋለች። በመጀመሪያ በፒንሳ ቱቦ እየቆነጠጡ መሄድ ነው። የፍሬን ሰርቮው (ፍሬን የሚያቀልለው) ወፍራም ቱቦ ተቆንጥጦ ሞተሩ ከተስተካከለ ሰርቮው አየር ያስገባል፤ ይህ የሚኒሞ ብቻ ሳይሆን የፍሬን ጉዳይ ነውና ሳይጠገን መኪናው አይንቀሳቀስ። የክራንክኬዙን (የሞተሩን የታች ክፍል) ጭስ የሚመልሰው ቫልቭ ተነቅሎ ሲወዘወዝ ቋ ቋ ማለት አለበት፤ ዝም ካለ ተጣብቋል። ቱቦው ሲቆነጠጥ ሞተሩ 50 ዙር ያህል ቢወርድ ጤና ነው።

ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ ወደ መገናኛዎቹ። ብዙዎች ቤንዚን በመርፌ ይረጫሉ፤ የሚሠራ ዘዴ ነው፣ መኪና ያቃጠለም ዘዴ ነው። ውሃ በመርጫ ይበቃል። የ2ቲ ማስገቢያና ማስወጫ ማኒፎልዶች በተለያየ ጎን ስለሆኑ ሥራው ይቀላል፤ ማስገቢያው ጎን ላይ የጋለ ማርሚታ የለም። ውሃው ማኒፎልዱ ከቴስታታው በሚገጥምበት መስመር ላይ ይረጭ፣ ቀጥሎ ካርቡራተሩ ሥር ባለው ወፍራም ጥቁር ማገጃ ላይ። ይህ ማገጃ ሙቀት እንዳያልፍ የተቀመጠ ነው፤ ቡሎኖቹ ያለ ልክ ሲጠብቁ ይጎብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ሞተሩ ድምፁን የቀየረበት ነጥብ ቀዳዳው ነው። የጎበጠውን በሲሊኮን ማጣበቅ ለሳምንት ነው፤ ቤንዚን ተራ ሲሊኮንን ያሳብጠዋል፣ ቅሪቱም ወደ ውስጥ ይሳባል። በመስታወት ላይ በተዘረጋ የአሸዋ ወረቀት ጠፍጣፋ አድርጎ አሽቶ አዲስ ወረቀት ጓርኒሲዮን ቆርጦ መግጠም ይሻላል። መጨረሻ ላይ የካርቡራተሩ የታችኛው ዘንግ (ነዳጅ ሲረገጥ የሚከፈተውን የአየር መዝጊያ የሚይዘው) ጫፎች ይቀራሉ፤ እዚያ አየር ከሳበ ቀዳዳው ራሱ ተበልቷልና ቶርኖ ቤት ቡሽ ያስፈልገዋል።

አሁን የቫኪዩም ጌጁ። እኔ ለአሮጌ ሞተር አንድ መሣሪያ ብቻ ግዛ ብባል እሱን ነው የምገዛው፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ወሬው ግን ብዙ። የቁጥሩን ጉዳይ ከላይ ብለነዋል፤ ከቁጥሩ ይልቅ የመርፌው አካሄድ ይታይ። 13 ኢንች ላይ ረግታ የቆመች መርፌ ጅማ ላይ ደህና ናት። ረግታ ግን 9 ላይ ከሆነች ታይሚንጉ ዘግይቷል ወይም ሁሉም ሲሊንደር በጋራ አየር ይስባል። በተወሰነ ልክ እየቆጠረች ዝቅ የምትል መርፌ አንድ ቫልቭ እንደማይዘጋ ትናገራለች። ቀስ ብላ ወዲያ ወዲህ የምትንሳፈፍ ከሆነ ያኔ ድብልቁን መጠርጠር ነው። መርፌዋ ፍጹም ረግታ መኪናው ግን ቢንቀጠቀጥ ሞተሩ ንጹሕ ነው፤ የተቀመጠባቸው ጎማዎች አልቀዋል። ካርቡራተር ሁለትና ሦስት ጊዜ ተፈትቶ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ጥፋት ብዙ ጊዜ ይኼ ነው።

የመጭመቅ ልኬት፦ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የቦቢናው ገመድ ተነቅሎ፣ ነዳጁ እስከ ወለሉ ተረግጦ ሞተሪኖው አምስት ስድስት ምት ያሽከርክር። ነዳጁ ካልተረገጠ አየር አይገባምና ልኬቱ ውሸት ይሆናል። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱ ነው የሚታየው፤ በአራቱ መካከል ከ1 ባር በላይ ልዩነት ካለ ምክንያት አለው። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ 5 ሚሊ ሊትር ያህል የሞተር ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ጨምሮ እንደገና መለካት። ቁጥሩ ዘሎ ከወጣ ፋሻ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን።

ቫልቭ ከሆነ ደግሞ ቴስታታ ከመውረዱ በፊት ክፍተቱ ይለካ። በዚህ ሞተር ላይ በሙቁ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.33 ሚሊሜትር ነው። ማስወጫ ቫልቭ ከመቀመጫው ጋር እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል እንጂ አይሰፋም፤ ስለዚህ ቫልቩ ቲክ ቲክ አይልም፣ ዝም ብሎ ሳይዘጋ ይቀራል። ድምፅ የሌለው ሞተር ጤነኛ ነው የሚል እምነት እዚህ ጋ ያታልላል። የጠበበ ቫልቭ በሚኒሞ ያነክሳል፣ በሩጫ ይሻሻላል፣ ከጊዜ በኋላ ይቃጠላል። አሠራሩ፦ የመጀመሪያው ሲሊንደር በመጭመቅ ጫፍ ላይ ሲቆም የ1 እና የ2 ማስገቢያ፣ የ1 እና የ3 ማስወጫ ይስተካከላሉ። ሞተሩ አንድ ሙሉ ዙር ተዙሮ የ3 እና የ4 ማስገቢያ፣ የ2 እና የ4 ማስወጫ። ስሱ ብረት ትንሽ እየያዘ መውጣት አለበት። መቆለፊያዋን ሲያጠብቁ ክፍተቱ ስለሚሸሽ እንደገና ይለካ። የጠበበው ቫልቭ ከተስተካከለ በኋላ ሞተሩ ትንሽ ተነድቶ የመጭመቅ ልኬቱ ይደገም፤ ቁጥሩ ካልተመለሰ ያኔ ቴስታታው ይውረድ።

ይህ ሁሉ ካለፈ ካቻቢቴው ይውጣ። ካርቡራተሩ ፊት ባለች ክብ መስታወት የነዳጁ ከፍታ ምልክቱ ላይ መሆኑ ይታይ፤ ከፍ ካለ መርፌው አይዘጋም ወይም ተንሳፋፊው ነዳጅ ጠጥቷል። የኤሌክትሪክ መዝጊያ ያለው ካርቡራተር ከሆነ ቁልፍ ሲከፈት ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ካልተሰማና መኪናው ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሽቦው ይታይ። የሚኒሞዋ ጂግለር ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ናት፤ በሽቦ መጎርጎር ያሰፋታል፣ አንዴ ከሰፋች አትመለስም። በማጽጃ ፈሳሽ አርሶ በኮምፕረሰር አየር መንፋት ብቻ።

የድብልቋ ቡሎን በቀስታ እስክትነካ ትዝጋ፣ አታጥብቋት፣ ጫፏ ቀለበት ያወጣል። ከዚያ ሁለት ዙር ተኩል ትከፈት። ሞተሩ ተነስቶ ሞቆ፣ አየር ፊልትሮው ተገጥሞ፣ ድብልቋን ወዲህና ወዲያ በማለት ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበት ቦታ ይፈለግ፤ ያኔ በሌላዋ፣ በሚኒሞዋ ቡሎን 830 ዙር አካባቢ ይያዝ። ቀጥሎ ድብልቋን ቀስ እያሉ መዝጋት፣ 750 ዙር ላይ እስኪወርድ። እዚያ ቁም። ድብልቋ ስትዘጋና ስትከፈት ሞተሩ ምንም ካልተለወጠ ነዳጁ በሌላ መንገድ እየገባ ነው፤ ነዳጅ ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር መዝጊያ ከልክ በላይ ተከፍቷል ማለት ነው፣ ይህም ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ሚኒሞውን በካቻቢቴ ከፍ ያደረገው እጅ የተወው ዱካ ነው።

ፈተናው ወደ ጅሬን ዳገት ወጥቶ መመለስ ነው። ሲወርዱ ነዳጅ ለቆ በማርሽ መያዝ፣ ታች ሲደርሱ ፍሪሲዮን ረግጦ ማቆም፤ ሞተሩ 750 ላይ ሳይንገዳገድ ከተቀመጠ፣ ፊት መብራትና መጥረጊያ በርተውም ከያዘ፣ ካንዴላዎቹን አንዴ አይቶ ኮፈኑን መዝጋት ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መኪናው ጊቤ በረሃ ታች ላይ ሞቅ ቀጠን ሲልበት፣ ከወልቂጤ በኋላ ዳገቱን እየወጣ ሲሄድ ደግሞ ሚኒሞው ትንሽ ሲከብድበት ቡሎኗን አይንካ፤ ጅማ ሲመለስ ቦታዋ ላይ ያገኛታል።